የእጅ ሻንጣና አደራ

በከተማችን በሐራ ገበያ፣ ከአፋር ቆላ የሚወጣውን ግመል ሲጭኑና ሲያራግፉ ያደጉ ሰዎች፣ የአውሮፕላን መንገደኛ በእጁ ይዞ የሚገባውን ጓዝ ብዙውን ጊዜ በ7 ኪሎ የሚወስነውን ሥርዓት «የፈረንጅ ንፍገት» እያሉ ሲያሙት በሰማሁ ቁጥር፣ ጓዝን የማቅለል ትምህርት ከማንም ሳንዋሰው በገዛ ቤታችን የኖረ መሆኑን እንዴት ፈጽመን እንደ ዘነጋነው ይደንቀኛል።

ጌታችን ሐዋርያትን ለስብከት ሲልክ ከረጢትንና ሁለተኛ እጀ ጠባብን መከልከሉን ወንጌል ይመሰክራል፤ የቆሎ ተማሪም ከላስታ ተነሥቶ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ሲሻገር፣ ቀን ልብሱ ሌት ምንጣፉ የሚሆነውን ደበሎ ደርቦ፣ የለመናት ቁራሽ የምትገባባትን አኮፋዳ አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ጨብጦ ይሄድ ነበር እንጂ፣ ለክረምትና ለበጋ የሚለዋውጠው ልብስ አልነበረውም። ካህኑ ደግሞ ዳዊቱን ከነማኅደሩ በትከሻው አንጠልጥሎ ተራራ ይወጣል፤ እኔ በበኩሌ፣ በልኩ የተሰፋ፣ ከዝናም የሚጋርድ፣ ሁለቱንም እጅ ነፃ የሚያደርግ እንደዚያ ማኅደር ያለ የእጅ ሻንጣ በአዲስ አበባ ሱቆች ፈልጌ አላገኘሁም። ለማኅደሩ የሚጎድለው መንኰራኵር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ካየው ከብዙ ምእት ዓመታት በኋላ፣ በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ ከሻንጣ ሥር ገጥሞ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ሸክሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከአደራ ነው እላለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ብርቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሐራ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ፣ ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ አሜሪካ ሰው ያልሸኘ ቤት ማግኘት ስለሚያዳግት፣ መንገደኛ ተነሣ የተባለ እንደ ሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ማሩንና ቅቤውን ቋጥሮ ይመጣል። «የኔ ጌታ፣ ይችን ለልጄ አድርስልኝ፤ እፍኝ አትሞላም» ያለች እናት እፍኟ ሲመዘን 5 ኪሎ ነው። (የአዋሽ ባቡር መድረሻ ተብላ ስሟ በየካርታው የገባው ከተማችን ባቡሩን ገና ስለምትጠብቅ፣ ይህን ሁሉ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አውቶቡስ ነው።)

ማርና ለጋ ቅቤ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጡ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ፈሳሽ ተቆጥረው ከእጅ ሻንጣ ይወጣሉ፤ ወደ አሜሪካ በሚበር ሰው እጅ የተገኘ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል፤ በመካከለኛ ማረፊያ ላይ ለቆመ ፈታሽ ሽሮ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ደግሞ የቅኔን ወርቅ ከመፍታት አያንስም።

ስለዚህ አደራን እንቢ ማለት የማይሆንልኝ ሰው በመሆኔ፣ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሚይዙትን ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች ለጎረቤት ትቼ፣ የራሴን ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና ውዳሴ ማርያሜን በ7ቱ ኪሎ ውስጥ እሰበስባለሁ፤ ካፖርቴን ግን፣ የለበሱት ልብስ ሚዛን ላይ አይወጣምና፣ በሐሩርም ቢሆን ለብሼው እገባለሁ። ይህን ምሥጢር ያጫወትኋት አንዲት ጎረቤቴ ካፖርቱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «ታዲያ እኒህ አራት ኪሶች ባዷቸውን ሊሄዱ ነው?» ብላ ቆሎ ልትቆላ ወደ ቤቷ ገባች።