የማዘር ስልክ ሞልቷል



የዛሬው ወጋችን ስለ ስልክ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ካሜራ ስለተደረደረበት ስልክ ግን አይደለም። እዚሁ ገርጂ፣ ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ጀበና ቡና የሚያፈሉት ማዘር መቀነታቸው ውስጥ ስለሚይዙት፣ መስታወቱ ስለተሰነጠቀው ስልክ ነው።

ሦስታችንም ከሥራ ስንመለስ እሳቸው በርጩማ ላይ ሳንቀመጥ ቤት አንገባም። ሰሞኑን ግን ማዘር ፊታቸው ጠቁሮ አገኘናቸው። አንዱ ጎረምሳ ከነጓደኞቹ ጠጥቶ፣ "ማዘር፣ በስልክ ልኬያለሁ" ብሎ ስክሪኑን አሳይቷቸው ሄደ። የእሳቸው ስልክ ዝም አለ። ዝምታው ለእሳቸው አዲስ አልነበረም፤ ከሰነበተ መልእክት አይገባለትም። አመኑት። ማታ ለባለ ሱቁ ሊከፍሉ ሲሉ ገንዘቡ የለም!

"ማዘር፣ ይሄን ስልክ ይጣሉት እንጂ!" አልናቸው። መናገር ምን ይከብዳል? ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የስልክ ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በማግሥቱ መገናኛ ሄደን ጠየቅን፤ ጠይቀንም ዝም አልን። ስልኩን ያየው ጥገና ቤት ያለ ልጅ ደግሞ ቀላል መፍትሔ ነበረው፦ "ፍላሽ ላድርገው?" ፍላሽ ማለት ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህን ለማዘር ስንነግራቸው ጀበናውን አስቀመጡና፣ "የልጄን እንዳትነኩብኝ!" አሉ።

ልጃቸው ቤይሩት ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በኢሞ የላከቻቸው ቪዲዮና ፎቶ ሁሉ እዚያች ስልክ ውስጥ ነው። ለእኛ "ቦታ የሚይዝ ፋይል" ነው፤ ለእሳቸው ልጃቸው ናት።

እንግዲህ ፍላሹን ትተን ስልኩን ከፈትነው። ራሙ 1 ጊጋ፣ ማስቀመጫው 8 ጊጋ። ሲስተሙ አንድሮይድ ጎ ነው። ይህ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የወጣው 1 ጊጋና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ርካሽ ስልኮች ተብሎ ነው። ጎግል በመደበኛው አንድሮይድ ላይ ያለውን ቀናንሶ፣ ቀለል ያሉ አፖች አድርጎበት አወጣው። ሐሳቡም የእሱ ብቻ አልነበረም። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2013 ፋየርፎክስ ኦኤስ የሚባል ለርካሽ ስልክ የታሰበ ሲስተም ይዞ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተወው፤ ከዚያ የወጣው ካይኦኤስ ደግሞ ቁልፍ ባላቸው ስልኮች ላይ ገባ።

ለማዘር እንዴት እናስረዳቸው? ረከቦቱን አየነው። ራም ማለት ረከቦት ነው፤ አሁን የሚጠጣባቸው ሲኒዎች የሚደረደሩበት። ማስቀመጫው ደግሞ ጓዳው ነው። ረከቦቱ ጠባብ ስለሆነ አዲስ እንግዳ ሲመጣ የአንዱ ሲኒ ይነሳል። ኢሞ ላይ እያወሩ ሌላ አፕ ከፍተው ሲመለሱ ኢሞው ከመጀመሪያው የሚነሳው ለዚህ ነው። ሲስተሙ እንዳይቸገር ሲኒዎቹን ደራርቦ ያስቀምጣል፤ ማለትም ራሙ ላይ ያለውን ጨምቆ ቦታ ይቆጥባል። ግን ድርድሩ ሲነሳና ሲፈታ ጊዜ ይወስዳል፤ ስልኩም ይንቀራፈፋል። ማዘር ሰምተው ሲያበቁ፣ "እንግዲያው የሞላው ጓዳው ነዋ" አሉ። ልክ ናቸው!

ጓዳው ሲሞላ ምን እንደሚሆን እኛም ያወቅነው ያን ቀን ነው፤ አንድሮይድ ቦታ ሲያልቅበት አዲስ ኤስኤምኤስ አይቀበልም። "ገንዘብ ደርሶዎታል" የሚለው መልእክት በር ላይ ቆሞ ይመለሳል ማለት ነው። ኔትወርኩ አላጠፋም፤ ባንኩም አላጠፋም። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ድሮ የያዝናቸው ኖኪያዎች መልእክት ሲሞላባቸው የፖስታ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ ያቺን አይቶ የማይገባው አልነበረም።

ይኼኛውም ስልክ ማስጠንቀቂያ አለው። ማዘር፣ "ሁሌ የምትመጣ ጽሑፍ አለች፣ በጣቴ እጠርጋታለሁ" አሉን። ጽሑፏ "ቦታ እያለቀ ነው" የምትል ነበረች፤ በእንግሊዝኛ። ማዘር አማርኛ በደንብ ያነባሉ። ስልኩም አማርኛ ያውቃል። ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ቅንብሩን ወደ አማርኛ ለመቀየር አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። ለስንት ወር በየቀኑ እዚያ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ከርመናል፤ አፈርን።

ከዚያ የልጃቸውን ቪዲዮዎች ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጥን። የቴሌግራሙን ካሽ አጠፋን (አትፍሩ፣ ቴሌግራም ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሲፈልጉ ይመለሳል)። የማይነኳቸውን አፖች አነሳን። ስልኩን ስናበራው የቆዩ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የጎረምሳው ግን የለም። ያው አልላከም ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን ከእኛ አንዱ ቦሌ፣ አንድ ሕንፃ ላይ አፕ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። በጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ 8 ጊጋ ራም አለው። "እኛ የምንሠራውን አፕ 1 ጊጋ ላይ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?" ስንለው ሲኒውን አየ። አልሞከሩትም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ የቱንም ያህል ቢቀል፣ የሚጫንበት አፕ በየአፕዴቱ እየወፈረ ከሄደ ምን ዋጋ አለው? የሲስተሙ ባለቤቶችም ቢሆኑ አብረው አይቆዩም። ለእነዚህ ስልኮች የተሠራው ዩቲዩብ ጎ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ተዘጋ። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ደግሞ ጎ ራሱ ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል። የማዘርን ስልክ ከእንግዲህ የሚጠብቃት የለም። በእኛ በኩል ግን ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ገንዘቡ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ እንኳ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ሆነ። ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ከገባ፣ ባለ 1 ጊጋው ስልክ የድሃ መጫወቻ አይደለም፤ ቦርሳ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብለን እንሰነባበት። አንደኛ፣ ለማዘር *127#ን አስተምረናቸዋል። ኢንተርኔትም፣ ራምም፣ ባዶ ጓዳም አይጠይቅም፤ ደውለው ሒሳባቸውን ያያሉ። አሁን "ልኬያለሁ" ያለ ሁሉ ማዘር *127# እስኪደውሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኛንም ጨምሮ!

ሁለተኛ፣ ቦሌ ሕንፃ ላይ አፕ የምትሠሩ ወዳጆቻችን፣ አንድ ባለ 1 ጊጋ ስልክ ገዝታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡ። የእኛው ጓደኛ አስቀምጧል። የራሱን ቢሮ አፕ ሲከፍትበት ምን ያህል እንደጠበቀ ጠየቅነው።

"አቦል ደርሶ ቶና ተቀድቷል" አለን።

ቸር ያሰንብተን!