በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ በየትኛው ፕሮግራም?

‹‹ጋዜጠኛ ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው?›› የሚለውን ጥያቄ በትምህርት ክፍላችን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው ከቁጥር ሸሽተን ነው ብል የሚቀየመኝም አይኖርም። ቁጥር ግን ሸሽተውት የሚቀር ነገር አይደለም። የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ ሲባል ‹‹ዋጋ ቀነሰ›› ብሎ የሚዘግብ ሰው አድማጩን ያሳስታል። ዋጋው አሁንም እየጨመረ ነው፤ የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። እንደዚሁም 40 ብር የነበረ ዕቃ 50 ብር ሲገባ 25 በመቶ ጨመረ፤ ተመልሶ 40 ሲሆን ግን የቀነሰው 20 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከፈተና ማግስት ከአእምሮዬ እንዳይጠፋ ብዬ የራሴን የሒሳብ ማስታወሻ በኮምፒውተር ለመያዝ ወሰንኩ።

ታዲያ በየትኛው ፕሮግራም? ሒሳብ እንደ ዜና ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ አይጻፍም። ክፍልፋይ አለ፣ ሥር አለ፣ ከላይ የሚንጠለጠል ቁጥር አለ። እኔ ደግሞ ከቀመሩ ሥር ማብራሪያውን በአማርኛ ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ያየሁት ሁላችንም የምናውቀውን ዎርድን ነው። ቀመሩን ከሳጥን እየመረጡ መሙላት ነው፤ ለአንድ አሳይመንት ይበቃል። ለዓመታት ለሚቀመጥ ማስታወሻ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ማይክሮሶፍት ‹‹ኢኩዌሽን ኤዲተር 3.0›› የተባለውን የድሮ ቀመር መጻፊያ በደኅንነት ክፍተት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ከኦፊስ አውጥቶታል። በእሱ የተጻፉ ቀመሮች ይታያሉ እንጂ በዚያው መሣሪያ ማረም አልተቻለም።

ሁለተኛው ላቴክ ነው። መሠረቱ የሆነውን ቴክን የጀመረው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉ የኅትመት ናሙና አላምር ብሎት ነው ራሱ መጻፊያ መሥራት የጀመረው። እዚህ ላይ ቀመሩ በትእዛዝ ይጻፋል፤ ውበቱም ወደር የለውም። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል እንዲቀበል ዚቴክ የተባለውን ዓይነትና ተስማሚ ፎንት ማዘጋጀት ይጠይቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ እሺ፣ ለዕለት ማስታወሻ ግን ከበደኝ።

ነገሩን የወሰነልኝ አጎቴ ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ለተማሪዎቻቸው በአማርኛ የተየቡትን ማብራሪያ በሲዲ ሰጡኝ። ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ‹‹የጻፍኩትን እኔም ማንበብ አቃተኝ እኮ!›› አሉ አጎቴ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ የአማርኛ መተየቢያዎች ፊደሉን የእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ደርበው ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል›› ይላሉ አባቶቻችን፤ እነሱ ግን ይህን የተናገሩት ስለ ብራና ነው።

ስለዚህ ‹‹የትኛው ያምራል?›› ማለቴን ትቼ ‹‹ፕሮግራሙ ቢጠፋ ጽሑፌ ይነበባል ወይ?›› ብዬ ጠየቅሁ። የመረጥኩት ኦብሲዲያን የተባለውን ነው። ማስታወሻውን በራሴ ኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል። አማርኛውን ያለ ችግር ይቀበላል፤ ቀመሩን በዶላር ምልክት መካከል በላቴክ ትእዛዝ ስጽፈው አስተካክሎ ያሳየኛል። ነገ ኦብሲዲያን ቢዘጋ ፋይሉን በኖትፓድ እከፍተዋለሁ። ቀመሩ ያኔ ባያምርም ትእዛዙ ስለሚነበብ ምን እንደሆነ ይገባኛል።

እርግጥ ክፍል ውስጥ አሁንም በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው። በመምህር ፍጥነት ቀመር መተየብ አይሞከርም! ማታ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው ግን ያልገባኝ መስመር ራሱን ያጋልጣል፤ ጥናቱም ያው እሱ ነው።

እናንተም የፈለጋችሁትን ፕሮግራም ምረጡ። ብቻ ሴሚስተር ሙሉ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቀመርና ሁለት መስመር አማርኛ ጻፉና ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ከተነበበ ቀጥሉ። ካልተነበበ ግን ዛሬውኑ ተሰናበቱት።