እግርህ መሬት ይንካ

ባለፈው ዓመት፣ ፈተና ባለቀ በማግሥቱ፣ «ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው» ብዬ ለክፍሌ ልጆች ተናገርኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁሉም መካኒክ ሆነ። አንዱ «አፓቼ ካልሆነ እንዳትነካ» አለኝ። ሌላው «የወንድ ሞተር ዲቲ ነው» አለ። ዕድሜ ልኩን ከብስክሌት በላይ ያልወጣው ጓደኛችን ደግሞ «ከ150 ሲሲ በታች ያለውን ሁሉ የስፌት መኪና በለው» ብሎ አሳቀን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ሞተር ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ከመካከላችሁ ነገ ተራው የሚደርሰው ስለማይጠፋ፣ እኔ በምን ሒሳብ እንደመረጥኩ ልንገረው ብዬ ነው።

ቤታችን ሴቻ ነው። አርባ ምንጭን ለማያውቃት፣ ከተማዋ እንደ ሁለት ፎቅ ናት፤ ላይኛው ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ። በመካከል ያለው መንገድ ሲወርዱት ይገፋል፣ ሲወጡት ያስለከልካል። እኔ ቀን ትምህርቴን እማራለሁ፣ ማታ ሲቀላ ሁለት ቤት ልጆች አስጠናለሁ። ባጃጅ ጠፍቶ ያንን ዳገት በእግሬ የወጣሁበት ምሽት ብዙ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ለቅንጦት አልነበረም። ገንዘቡም ቢሆን የኔ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ በማስጠናት ያጠራቀምኩት፣ ግማሹ እናቴ የደረሳት እቁብ ነው።

በቤታችን ሞተር አዲስ ነገር አይደለም። ነፍሱን ይማርና አባቴ የእርሻ ባለሙያ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ ኤጂ 100 እያስነሳ ከዚህ ቆላ ተነስቶ፣ ዶርዜን አልፎ፣ ጨንቻ ብርድ ውስጥ ይገባ ነበር። ያቺ ሞተር ለገጠር ሥራ የተሠራች ናት። ካቴናዋ ጭቃ እንዳያገኘው ሙሉ ለሙሉ ተሸፍኗል፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፤ ነዳጇ ከዘይት ጋር ስለሚቃጠል ገና ከሩቅ ትሸታለች። እኔና ወንድሜ አባታችን መምጣቱን የምናውቀው በሽታዋ ነበር። ጎረቤቶች «የአቶ እገሌ ሞተር ከበቅሎ አትፈጥንም» ይሉ ነበር። እሱ ግን በዚያ ጠመዝማዛ ስንት ዓመት ሲመላለስ ወድቆ አላየነውም።

ወንድሜ ግን ወደቀ። ሥራ በያዘ በዓመቱ ባለ 180 ሲሲ ሞተር ገዛ፤ የመጀመሪያው ነበር። መንዳት ያስተማረው ጓደኛው ነው፤ ያውም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት። በገዛ በአሥራ አንደኛው ቀን ያንኑ ጓደኛውን ከኋላ አፈናጦ የሴቻን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ኩርባው ላይ የፈሰሰ ጠጠር አጋጠመው። ደነገጠና የፊቱን ፍሬን ጨምድዶ ያዘው። ጓደኛው ተቦጫጭሮ ተነሳ። የወንድሜ ግራ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስምንት ወር አስተኛው። ዛሬም ያነክሳል። የሞተሩ ጥፋት አልነበረም፤ እሱም ብሎ አያውቅም። ስለዚያ ቀን ግን ቤታችን ውስጥ አይወራም። ሞተር አጠገብም ደርሶ አያውቅም ነበር።

እናቴ ብሩን ስትሰጠኝ ሁለት ቃል አስገባችኝ። «አንደኛ፣ እግርህ መሬት የሚነካውን ግዛ፤ አባትህ ይል የነበረው ይሄንን ነው። ሁለተኛ፣ ወንድምህ ይምረጥልህ።» የመጀመሪያው ቀላል መሰለኝ። ሁለተኛውን እንዴት ብዬ ለወንድሜ እንደምናገር ግን ሦስት ቀን ተቸገርኩ።

በነዚያ ሦስት ቀናት፣ የሰው ልማድ ነውና፣ ማንበብ ጀመርኩ። ሃሪ ኸርት የተባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያች ሞተር ላይ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ደግሞ መንዳት የተማሩት በራሳቸው፣ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ዝም ብሎ አነበበና፣ «አሥራ አንድ ቀንና አንድ ቅዳሜ» አለ። ቀጥሎ፣ «እኔም እዚህ ውስጥ አለሁበት በለኛ» ብሎ ሳቀ። ስለዚያ ነገር ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው። «ቅዳሜ እንሂድ» አለኝ።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን የተወለወለ ትልቅ ሞተር ነበር። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ልቤ ሸፈተ። በዚያ ሞተር ግቢ ስገባ፣ የክፍላችን ልጆች ዞር ሲሉ (አንዲት ደግሞ በተለይ ዞር ስትል) ታየኝ። ተቀመጥኩበት። መሬቱን የነካሁት በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው። ወንድሜ «በል ትንሽ ወደ ግራ አዘንብለው» አለኝ። ባዘነብለው ጊዜ ክብደቱ ይዞኝ ሊሄድ! ደላላውና ወንድሜ ባይዙት ሁለታችንም መሬት ነበርን።

«ይኸውልህ» አለኝ ወንድሜ፤ «ጀማሪ የሚወድቀው ሲበር ብቻ አይደለም። ቆሞም ይወድቃል፤ መብራት ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሲዞር። ሁለት እግርህ ሙሉ በሙሉ መሬት ከረገጠ ስሕተትህን እግርህ ይሸከምልሃል። በጣትህ ከቆምክ ማን ይሸከምልሃል?»

ሁለተኛው ባጃጅ ቦክሰር 100 ነበር። ያገለገለ፣ ሰርባቶዮው ላይ ጭረት ያለበት፣ ለዓይን የማይሞላ። ስቀመጥበት ግን ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ያዙ። ወንድሜ እያነከሰ ዞረው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሞተሩን በእጁ መንካት ነው። «ቀዝቃዛ ነው፣ ደህና» አለ። ለካ ሻጭ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ ሊደብቅ የፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል፤ በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር ሲሞቅ ይነሳልና። ሲያስነሳው የማርሚታውን ጭስ ተመለከተ። የአባታችን ኤጂ ጭስ ተፈጥሮዋ ነበር፤ እንደ ቦክሰር ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ግን ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ካቴናው መላላቱን፣ የጎማው ጥርስ ማለቁን፣ የፍሬኑን ሸራ አየ። በመጨረሻም ሊብሬውን ተቀብሎ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ ነው» አለ።

እኔ ግን ዓይኔ ትልቁ ላይ ነበር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። «በኋላ እለምደዋለሁኮ» አልኩት። «እስክትለምደው ማን ይጠብቅሃል?» አለኝ። «ትንሹ ሞተር ስትሳሳት ይቅር ይልሃል፤ ነዳጅ አብዝተህ ብትሰጠው እንኳ ዘሎ አይሄድም። ካቴና ቢበጠስ፣ ካንዴላ ቢቃጠል ሲቀላ ውስጥ መለዋወጫው አይጠፋም። ትልቁን ከፈለግህ በሁለት ዓመትህ ትገዛዋለህ፤ እግር ግን በሁለት ዓመትም አይገዛም።» ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ከፈልን።

ሞተሩ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን ሄልሜት ገዛሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ሄልሜት አደጋ የደረሰበትን ነጂ የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳቱን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ቀጥሎ ማሠልጠኛ ገብቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከሥልጠናው ሌላ፣ ወንድሜ በየማታው ሜዳ ላይ ቆሞ ፍሬን አስያዘኝ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ሆኖም ቀስ ተብሎ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ከኋላው ጋር አብሮ ይጨመቃል እንጂ ጠጠር ላይ በኩርባ አይጨመደድም። ይህን ሲያስተምረኝ ድምፁ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ እጁ ግን እያለፈ ጉልበቱን ይዳስሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ተምሬው ነበር፤ የገባኝ ግን እዚያ ሜዳ ላይ፣ ካኖረልን ድንጋይ አልፌ ስቆም ነው።

የሴቻን ቁልቁለት ለመጀመሪያ ጊዜ የወረድኩት በሁለተኛ ማርሽ ነው። ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ፍሬን የሚያግዘው ብቻ ነው። ባጃጆች እየቀደሙኝ አለፉ። ኩርባው ጋ ስደርስ ልቤ ምን ያህል ይመታ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። አለፍኩት። ግቢ ስገባ ያ የስፌት መኪናው ጓደኛችን «ቀሚስ ታሰፋልናለህ?» አለኝ። «ሱሪህን አምጣ» ብዬ አለፍኩ። እዚያው ዕለት ማታ «እስከ መናኸሪያ አፈናጠኝ» ሲለኝ ግን አሻፈረኝ አልኩ። ስድስት ወር እስኪሞላኝ ሰው ላላፈናጥጥ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ እሑድ ሞተሩን ሳጥብ ወንድሜ መጣና «ቁልፉን አምጣ» አለኝ። ሄልሜቴን አጠለቀ፤ ግራ እግሩን በእጁ ደግፎ አሳለፈ። ማርሹን የሚቀይረው በዚያው በተሰበረው እግር ነው። ሁለት ጊዜ ጠፋበት፣ በሦስተኛው ሄደ። ሜዳውን አንዴ ዞሮት ተመለሰ፤ ከዚያ በላይ አልነዳም። ወርዶ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና «ፍሪሲዮኑ ትንሽ ላልቷል፣ አስጠብቀው» አለኝ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ምንም አላለችም። ገብታ ቡና ማፍላት ጀመረች።