ሁለት ጊዜ 21

ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚወለደው የሚሉ ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። እኔ ሁለት ጊዜ የተወለደ ልጅ አውቃለሁ። አንዴ አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም.፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፎርም ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1998። የመጀመሪያውን ልደት እናቱ ታውቀዋለች። ሁለተኛውን የሚያውቀው መንግሥት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም፤ አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዘመድ ለመጠየቅ አሜሪካ ሄጄ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ዲቪ ደርሷቸው ከሄዱ ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላቸውም። ባልየው ታክሲ ይነዳል። እሷ ሽማግሌና አሮጊት እየዞረች ትጦራለች። አንድ ለእናቱ የሆነው ልጃቸው፣ ቤት ውስጥ እስከዛሬ «አቡሽ» እየተባለ የሚጠራው ጎረምሳ፣ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲሸከም ይውልና ማታ ኮሌጅ ይማራል። ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት ጥሩ ውጤት አምጥቶ ጨረሰ። አባትየው ደስ አለውና «ዛሬ የምን እቤት መዋል ነው! ዋሽንግተን ወጥተን ጮማ በልተን፣ አንድ ሁለት ብለን እንመጣለን» አለ።

ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ፣ በተለይ 9ኛው መንገድ ላይ፣ የሐበሻ ቤት እንደ አሸን ነው። የጥብሱ ሽታ፣ የክራሩ ድምፅ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያጨሰው ሰው… ለአፍታ ካዛንቺስ ያላችሁ ይመስላችኋል። እኛም ዘንጠን፣ እናትየው የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንዱ ቤት በር ደረስን። በሩ ላይ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ጎረምሳ ቆሟል። የኛው ልጅ ነው፤ ሐበሻ።

«መታወቂያ» አለ።

እኔን በነጭ ፀጉሬ አሳለፈኝ። እነሱንም እንደዚያው። አቡሽ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ጎረምሳው ካርዱን ገና ሳያነበው ራሱን ነቀነቀ። ለካስ በሜሪላንድ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መንጃ ፈቃድ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የቆመ ነው! ዓይን ያለው ሰው ቁጥር መቁጠር አያስፈልገውም። «ለ21 አምስት ወር ይቀርሃል ወንድሜ» አለው በትሕትና። «ምግብ ቤት ቢሆን ችግር የለውም፤ ከዚህ ሰዓት በኋላ ግን ቤቱ የመጠጥና የሙዚቃ ነው። አላስገባም።»

ታዲያላችሁ፣ ይህኔ ነው እናትየው ወደ ፊት የወጣችው።

«እንዴ! የምን አምስት ወር ነው?» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ስማኝ የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት! ሕገ መንግሥቱ የጸደቀ ሰሞን፣ ኅዳር 87 ላይ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። 23 አልፎታል! አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

«ማዘር፣ አምንዎታለሁ» አለ ጎረምሳው። «ግን እኔ የማየው ካርዱን ነው።»

«ካርድ ነው የምትፈልገው? ይኸውልህ ካርድ!» ብላ ከቦርሳዋ ውስጥ ከሥዕለ ማርያምና ከቁልፍ ጋር የተቀላቀለ ነገር ፈልጋ አወጣች። የአቡሽ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ! ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያወጣው፣ ማኅተሙ ፎቶውን ግማሽ ፊት የበላው፣ የአገልግሎት ጊዜው ድሮ ያለፈበት። «የትውልድ ዘመን» በሚለው ላይ በእጅ ጽሑፍ 1987 ይላል። ባሕር ማዶ ስትሄድ ለማስታወሻ ይዛው ነው። ሰውየው ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ቁጥር በራሱ አቆጣጠር አንብቦ «31 ዓመት» ብሎ ያስገባው ነበር፤ ከነወንበሩም ይሰጠው ነበር። የሀገር ልጅ ግን ሰባት ስምንቱን ዓመት እንዴት እንደሚደምር ያውቃል።

ጎረምሳው ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ያዘና አያቸው። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። የቀበሌውን መታወቂያ አጥፎ በእጇ መዳፍ ውስጥ ከተተና መዳፏን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማዘር» አላት። «ይሄንን ወረቀት እዚህ ሀገር ለማንም አያሳዩ። ለማንም! ዛሬ እኔ ነኝ ያየሁት።»

የአክስቴ ልጅ አፏ ተያዘ። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም ነበርና በንዴት ጦፌያለሁ። አባትየውም «ሱ እናደርገዋለን! እዚህ ሀገር መብት አለ!» እያለ ነው። አቡሽ ብቻ ነው ምንም ያላለው። መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

መኪና ውስጥ ነው የገባኝ። ዲቪው ሲደርሳቸው ልጁ ዕድሜው ሊያልፍ ነበር። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ከወላጁ ጋር በ«ልጅነት» የሚሄደው ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ነው። አቡሽ ደግሞ ቪዛው እስኪመጣ 22 ሊሆን ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? አንድያ ልጅን ጥሎ መሄድ? ምስክር ተቆጠረ፣ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ወጣ፣ ሦስት ዓመት ተቆረጠ። ቀኑንም ማን ይጨነቅለታል ተብሎ ጃንዋሪ 1 ተባለ። ይኸው ነው። እና ልብ በሉልኝ፦ አሜሪካ ያስገባውም፣ መጠጥ ቤት እንዳይገባ የከለከለውም አንድ ቁጥር ነው። 21።

ያም ሆኖ «መብት አለ» የሚለው ነገር ከንክኖኛልና በማግስቱ እዚያው የሚኖር አንድ የሕግ ሰው ወዳጄን ጠየቅኩት። እውነት አንድ መጠጥ ቤት መታወቂያህን ተጠራጠርኩ ብሎ ሰው ሊመልስ ይችላል?

«ይችላል ብቻ?» አለኝ እየሳቀ። «ባይመልስ ነው የሚጠየቀው።»

እንዳስረዳኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይመርጣል፤ ወታደር ሆኖ ዘምቶ ሊሞትም ይችላል። ቢራ ለመግዛት ግን 21 መሙላት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍላተ ሀገሩን «ዕድሜውን 21 ካላደረጋችሁ ከመንገድ ሥራ በጀታችሁ እቀንሳለሁ» አላቸው። ሁሉም አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ የወደቀው ሻጩ ላይ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ መጠጥ ሻጭ የደንበኛውን ዕድሜ ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት። ላልደረሰ ልጅ ሲሸጥ ከተገኘ ይቀጣል፣ ፈቃዱም ይታገዳል። ስለዚህ ጥርጣሬ የመጣ እንደሆነ «አይሆንም» ማለት ለሱ ይቀለዋል። መጠጥ የመጠጣት መብት የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ነጋዴ የፈለገውን መመለስ ይችላል።

«እንግዲያው እኛን ጥቁር ስለሆንን ቢመልሰንስ?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው!» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ምግብ ቤቱም ሆነ ሆቴሉ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ ሀገሩ እንዳይመልስ ይከለክላል። ዋሽንግተን ደግሞ በ1977 ባወጣችው የራሷ ሕግ ላይ ብዙ ነገር ጨምራበታለች፤ አለባበስና መልክ እንኳ ሳይቀር። «ስለዚህ ካርዱን መጠራጠር ይፈቀዳል፤ ሰውየውን መጠራጠር ግን አይፈቀድም። የነጩን ካርድ በጨረፍታ አይቶ የጥቁሩን በባትሪ የሚመረምር በረኛ ካለ፣ እሱ ዕድሜ እየጠበቀ አይደለም። ክሱ ያን ጊዜ ነው።»

ደግሞም ጥርጣሬው የኛን ሀገር ወረቀት ብቻ የሚያሳድድ እንዳይመስላችሁ። የዋሽንግተን ነዋሪዎች መንጃ ፈቃድ ቀድሞ «ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» የሚል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይሄ የየት ሀገር ነው?» እየተባሉ የተቸገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ አንድ የዋሽንግተን ወጣት በዚሁ ካርድ መጠጥ ሊገዛ ሄዶ «ካርድህ አያገለግልም» ተብሎ ተመልሷል። የአሜሪካ ዋና ከተማ ነዋሪ! ከ2017 ጀምሮ ካርዱ «ዋሽንግተን ዲሲ» እንዲል የተደረገውም ወዶ አይደለም። እንግዲህ የዋና ከተማው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በእጅ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ምን ያህል ሊከበር ነው?

ያን ማታ ወደ በሩ ልመልሳችሁ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሕጉን ጠብቆ መለሰን። እሱ ሥራው ነው። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ዕድሜ፣ አንድ ሰው፤ ከዚህ የበለጠ ጥርጣሬ ከየት ይምጣ? ግን ከሕጉም አልፎ አንድ ነገር አድርጎልናል። ያቺ እናት ልጇ 23 መሆኑን ለማስረዳት ስትሟገት፣ ሳታውቀው ልጇን ራሷ እየከሰሰችው ነበር። የቀበሌው መታወቂያ እውነት ከሆነ ቪዛው የተገኘው በውሸት ነው ማለት ነው። ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ብላ መኖሪያ ፈቃዱን ልትደፋው ነበር። ጎረምሳው በመመለሱ ነው ያተረፋት። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ልሰድበው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈር በበላሁ!

እቤት ስንደርስ እናትየው አለቀሰች። «በገዛ አፌ ልጄን!» እያለች። አባትየው የቤት ጠጅ አወጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ወላጅ እቤቱ ለገዛ ልጁ ቢቀዳለት ሕጉ አይከለክልም፤ ልጅነት እዚያ ላይ እንኳ ጠቀመችው። አቡሽ ብርሌውን ይዞ ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለ፦

«እማዬ፣ እኔን የጨነቀኝ ቢራው አይደለም። ኮሌጅ ውስጥ ጓደኞቼ ልደትህ መቼ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ ማሰብ አለብኝ። ሰው እንዴት በልደቱ ላይ ያስባል? ሲያመኝ ሐኪሙ ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ እዋሻለሁ። ነገ ሳገባ ሚስቴን የትኛውን ነው የምነግራት?»

ማንም መልስ አልሰጠውም። ምን ብለን?

እኛ ሀገር ዕድሜ መቁረጥ እንደ ፀጉር መቁረጥ ነው የሚታየው። ጡረታ እንዳይደርስበት የሚቆርጥ አለ። ለታዳጊ ቡድን ለመሰለፍ የሚቆርጥ አለ፤ በእሱ እንኳ ፊፋ ተማሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ሲደረግ የተጫዋቾቹን የእጅ አንጓ በማሽን አስነስቷል። ወረቀት ቢዋሽ አጥንት ይናገር ብሎ። ለአብዛኞቻችን ግን «ማንን ጎዳሁ?» የምንላት ትንሽ ውሸት ናት። የተጎዳውን ሰው እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብርሌ ይዞ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። እናትየው ልጇን ላለመነጠል ያደረገችው ነውና ድንጋይ ልወረውርባት አልችልም። እኔስ ብሆን? አላውቅም። ግን ሒሳቡን የሚከፍለው የፈረመው ሰው ሳይሆን የተፈረመበት መሆኑን አይቻለሁ።

ወደ አገሬ በተመለስኩ በዓመቱ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የኛም ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን አወጣ። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥኑ ጠፋ። ዕድሜውም ከ18 ወደ 21 ከፍ አለ። ከቤቴ ማዶ ያለችው ግሮሰሪ ውስጥ ግን እስከዛሬ «መታወቂያ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሕፃን ልጅ በፌስታል ቢራ ተልኮ ሲመለስ ግን አያለሁ። ሕጉ አለ፤ በሩ ላይ የሚቆም ጎረምሳ ነው የጠፋው። ዲጂታል መታወቂያውም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መጥቷል፤ ፋይዳ በጣት አሻራና በዓይን ብሌን አንድን ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ከእንግዲህ ሁለት ሰው መሆን ይከብዳል። ነገር ግን አሻራ የተወለድንበትን ቀን አይናገርም፤ ቀኑን የምንናገረው እኛው ነን። መጀመሪያ ላይ የሰጠነው ቃል ውሸት ከሆነ፣ ማሽኑ ያንኑ ውሸት ለዘላለም ያጸናልናል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ስልኬ ጮኸ። አቡሽ ነው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ በለኝ፤ ዛሬ እንደገና 21 ሞላኝ!» አለኝ እየሳቀ። ማታውን ያ ቤት ሄዶ፣ ያው ጎረምሳ ካርዱን አይቶ «እንኳን ደረስክ» ብሎ እንዳስገባው ነገረኝ። አንድ ቢራ ጠጥቶ ወጣ። «እንዴት ነበር?» አልኩት። «ቢራ ነው» አለኝ። በቃ።

እናቱ በዚያ ቀን አልደወለችለትም። እሷ ልደቱን የምታከብረው በኅዳር ነው። በየዓመቱ በዚያን ሰሞን ድፎ ትደፋለች፣ ቡና ታፈላለች፣ በሩን ዘግታ ሻማውን በልኩ ትቆጥራለች። አንድም አትቀንስም።