የ«ቴ» ቀለበት
ንቅሳታችሁ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት፣ በማግስቱ ልሸፍናት ብላችሁ አትሩጡ። ቁስሉ ሳይሽር መርፌ ቢደገምበት ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታገሡ።

እናታችን ባረፈች በዓመቱ ታናሽ እህቴ የእጇ አንጓ ላይ «እናቴ» አስነቀሰች። ነቃሹ የ«ቴ»ን ቀለበት ዘነጋና «እናቲ» ሆነ። አምርራ አለቀሰች። በጥቁር አበባ ልትሸፍነው ስትል «ቃሉም እኮ አብሮ ይሸፈናል» አልኳት።

መሸፈኛ ሥዕል ከስሕተቱ ሰፋና ጠቆር ማለት አለበት፤ በሌዘር ማስጠፋትም ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል። ፊደላችን ግን ደግ ነው፤ የ«ቲ» እግር ሲጠቀለል «ቴ» ይሆናል። ቁስሉ ሲሽር በአንዲት ትንሽ ቀለበት ተቃና።

እናንተም ከመሸፈናችሁ በፊት ጥቂት መጨመር ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። ከመነቀሳችሁ በፊት ደግሞ ቆዳችሁ ላይ የተነደፈውን ለሌላ ሰው አስነብቡ።