ለቤታችን የትኛው ሲም ይሻላል?

ጉኑኖ ባለው ቤታችን ስለ ሲም ካርድ የምንከራከርበት ነገር አልነበረም፤ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበርና። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ እዚያ የምትማረው እህታችን በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዛ ለእረፍት መጣች፤ ክርክሩም ያኔ ተጀመረ። እኛ ልጆቹ የምናየው የኢንተርኔቱን ዋጋ ብቻ ነበር።

አንድ ሌሊት እናታችን ታመሙ። አጎታችንን መኪና ይዞ እንዲመጣ ልንጠራው ስልኩን ብናነሳ፣ የሞላነው ኢንተርኔት ብቻ ኖሯል፤ የድምፅ ደቂቃ የለም፣ ሒሳብም የለም። አጎታችን ደግሞ ማታ ዳታ አይከፍትም። ወንድማችን በጭቃው ሮጦ ጎረቤት ቀሰቀሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ሶዶ በጊዜ ደረስን።

ከዚያ ወዲህ ሲም ከመግዛታችን በፊት የሰው ስልክ ተውሰን ከጓዳ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ከገበያው እየደወልን እንሞክራለን። ዋጋው ኋላ ይጠየቃል። ተማሪዋ ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ስላላት ሁለቱንም ይዛለች። እናታችን ግን ዘመድ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን የ09 ቁጥራቸውን አይለውጡም፤ ገንዘብም የምንልክላቸው በዚያው ቁጥር በቴሌብር ነው። እኛም ደቂቃ ሳንሞላ አንተኛም።