የቅድመ አያታችን አባት ማን ነበሩ?

ባንክ ወይም ኤምባሲ ገብቶ ቅጽ የሞላ ሰው ይህችን ጥያቄ ሳያውቃት አይቀርም፦ «የእናትዎ ስም ከጋብቻ በፊት?» እስክሪብቶው አየር ላይ ይቆማል። ከጋብቻ በፊትም በኋላም ያው ነዋ!

ፈረንጁ ዘሩን ሲቆጥር ራሱን የሚያዞረው ይህ ነገር ነው። ብዙዎቹ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ፣ የሴት አያቶቹን የአባት ስም ፍለጋ መዝገብ ሲያገላብጥ ይኖራል። እኛ ጋ ግን ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ነው። እቴጌ ጣይቱ ከምኒልክ በፊትም ትዳር ነበራቸው፤ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ አግብተውም ያው ጣይቱ ብጡል ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ የሺመቤትም የራስ መኰንን ባለቤት ሆነው «አሊ» የሚለው የአባታቸው ስም አልተነካም።

ታዲያ ምን ቸገረን? አትሉም! እኛም እንደዚያ ስንል ነበር... የአክስታችን ልጅ ልታገባ ሽማግሌ እስኪመጣ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሸጋ ነው፣ ሥራም አለው፣ አክስታችንም ወዳዋለች። ሽማግሌዎቹ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አክስታችን ቤት፣ ተሰብስበው ቡናው ሲወርድ ዘር መቁጠር ተጀመረ። የሁለቱም ወገን መነሻ መንዝ ሆነ። «ጥሩ» ተባለ። ትንሽ ቆየና የልጁ ቅድመ አያት አባትና የእኛ ቅድመ አያት አባት አንድ ስም ሆኑ። አገሩም አንድ! ጥሩነቱ እዚያ ላይ አበቃ። አራተኛ ቤት ላይ ተገናኙ ማለት እኮ ነው፤ ሰባት ቤት የሚሉ ሽማግሌዎች ፊት!

«ሕጉ ይፈቅዳል» ያለ አልጠፋም። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ከጎን ዘመድ የሚከለክለው እህት ወንድምን፣ አክስት አጎትን ነው። ግን ማዘጋጃ ቤት ተፈራርሞ፣ ሽማግሌ ያልመረቀው ሠርግ ለአክስታችን ሠርግ አይደለም። ሙሽሪት እንደሆነች ጓዳ ገብታ ማልቀስ ጀምራለች።

በዚህ መሀል አንዲት ትልቅ አክስት «ኧረ እኔ የአባታቸውን ስም ሌላ ነው የሰማሁት» አሉ። እንግዲህ ሁለት አባት መጣ። (ስማቸውን እዚህ አናወጣም፤ የሽማግሌ ጉዳይ ነው። አንደኛው አባት፣ ሁለተኛው አባት እያልን እንቀጥል።) ቅድመ አያታችን የሞቱት ድሮ ነው። የልደት ወረቀት ብሎ ነገር አይታሰብም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውም በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

እናላችሁ እኛ ወጣቶቹ ስልክ ይዘን ተሠማራን። መንዝ ውስጥ የቅድመ አያታችን የወንድም ልጅ፣ ዘጠናን የተጠጉ አባት አሉ ተባለ። ተገኙ። ስሟን ነገርናቸው። «እንዲህ የምትባል ዘመድ የለችኝም» ብለው ቁርጥ!

ለካ እኛ የምናውቀው ስም አማት ያወጡላቸው ነው። በአማራ ገጠር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ልጅ የልጅ ልጅ የሚያውቃት በዚያ ነው። የክርስትና ስሟን ደግሞ ቄሱ ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ «ወለተ» ብሎ ይጀምርና የአንድ ቅዱስ ስም ይከተላል፤ የአባቷን ስም ግን አይነግራችሁም። እኛ አገር ትዳር የአባቷን ስም አይነካም፤ የራሷን ግን ሊቀይረው ይችላል። ፈረንጁ የሚያጣው ሁለተኛውን ስም ነው፤ እኛ ያጣነው የመጀመሪያውን ነበር።

ያቺ ትልቅ አክስት እንደገና አዳኑን። ከመንዝ እንግዳ ሲመጣ ቅድመ አያታችንን በሌላ ስም ሲጠራቸው ሰምተዋል። ያንን ስም ይዘን ደወልን። «እህ! አክስቴን ነው እንዴ!» ስልኩን በስፒከር አድርገን ሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጥነው።

«አባባ፣ አባቷ ማን ነበሩ?»

«እሱን ከመጠየቅ ርስት የተካፈለችው በማን ነው አትሉም?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ ቀጠሉ። አንደኛው አባት ሰገሌ ላይ በ1909 ዓ.ም. ወድቀዋል። ወንዱ ልጅ ከአባቱ ዘመዶች ጋር ቀረ፤ ሕፃኗን እናቷ ይዛ ሁለተኛውን አባት አገባች። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ሰው በእሳቸው ስም ጠራት። ርስት ሲካፈሉ ግን ድርሻዋ የወጣው በአንደኛው አባት ነው። እንጀራ አባት እንጀራ ያበላል እንጂ ርስት አያወርስም!

ከልጁ ወገን አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ በእኛ አባት ርስት ላይ የሷ ስም ተነሥቶ አያውቅም።» የሥጋ ዝምድና የለም ተባለ። ሙሽሪትን ከጓዳ የጠራት እልልታው ነው።

እኛን ግን ነገሩ አልለቀቀንም። በርስት ዘመን ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል መሬት ይጠይቅ ስለነበር፣ የሴት አያቶቹንና የአባቶቻቸውን ስም ካላወቀ ይጎዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ስንቱ ጭሰኛ ከገባርነት ተላቀቀ፤ እሰየው ነው። ግን የእናትን ዘር በቃል ለመያዝ የነበረው ምክንያትም አብሮ ሄደ። የእኛ ስም የአባትና የአያትን እንጂ የእናትን አይዝም፤ ስለዚህ ሴቷ በአንድ ትውልድ ከስማችን ትወጣለች። አባባን የሚያህል ሰው ደግሞ ስንት ቀረ?

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ትልቅ ሰው ስታገኙ «ስሟ ማን ነበር?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ማን እንዲህ ብሎ ጠራት? አማቷ ናት፣ ቄሱ ናቸው፣ ወይስ የተወለደችበት ቤት? ያሳደጋትስ የወለዳት ነው? በባሏ ወገን የሰማችሁትን በወንድሞቿ ወገን አስመስክሩ። ከዚያ ጻፉት፣ ከነተናጋሪው ስም። አባትዎን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ይሆናል... የእናትዎ እናት አባትስ ማን ነበሩ?